የካንናዳ ነገሥታት የክብር ስሞችና ትርጕማቸው

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ይህ ስለ ሕፃን ስም የተነገረ ነው እንጂ ስለ ንጉሥ ስም አይደለም። የንጉሥን ስም የሚያወጡት የቤተ መንግሥት ባለቅኔዎች፥ ጸሓፊዎችና ካህናት ናቸው። ንጉሡ ሲወለድ አንድ ስም ይሰጠዋል፤ ዘውድ ሲጭን ሁለተኛ ይጨመርለታል፤ ጠላቱን ድል ሲነሣ ሦስተኛ፥ ለቤተ መቅደስ መሬት ሲሰጥ አራተኛ እየተደረበለት ይሄድና፥ በመጨረሻ እናቱ የጠራችበት ስም በክብር ስሞች ብዛት ተሸፍኖ ይቀራል። ታሪክ መርማሪም ሰውየውን ራሱን ለማግኘት ሲፈልግ፥ በላዩ የተደራረበውን ስም እንደ ካባ አንድ በአንድ ማንሣት ግድ ይሆንበታል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በደቡብ ህንድ፥ ዛሬ ካርናታካ በሚባለው ክፍለ ሀገርና በአካባቢው፥ የካንናዳ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ሲገዙ የኖሩት ነገሥታት ይዘውት የነበረውን የክብር ስም ነው። የቋንቋው ስም በሰሜን አሜሪካ ካለው አገር ስም ጋር እንዳይምታታ «ካንናዳ» እያልን እንጽፈዋለን፤ ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እናስቀምጣለን። ካንናዳ ከደቡብ ህንድ ታላላቅ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከአምስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተቀረጹ የድንጋይ ጽሕፈቶቹም በብዙ ሺህ ይቈጠራሉ። ንጉሥ መሬት ሲሰጥ፥ ወታደር የተዘረፈ ከብት ሲያስጥል ሲሞት፥ የመንደር ሰው ኵሬ ሲያስቈፍር፥ ነገሩ በድንጋይ ወይም በመዳብ ገበታ ላይ ይቀረጻል። ጽሕፈቱም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጊዜው የነገሠውን ንጉሥ የክብር ስሞች በመደርደር ነው። እንዲህ ያለው የክብር ስም በአገሩ ቋንቋ «ቢሩዳ» ይባላል።

ተማሪዎች ስለዚህ ነገር ሲሰሙ የሚያቀርቡት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሁሉም ንጉሥ የዓለም ጌታ ነኝ ካለ የማን ቃል ይታመናል? ይህ የውዳሴ ከንቱ ክምር ለታሪክ ምን ይረባል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እኛ የክብር ስም እንደ ምስክር ነው እንላለን። ምስክር እውነት ሲናገር የሆነውን ያስረዳል፤ ሲዋሽም ቢሆን ምን ተመኝቶ፥ ማንን ፈርቶ፥ በማን ቀንቶ እንደ ዋሸ ያስታውቃል። ከዚህም በላይ የክብር ስም ዕዳ ነው፤ ስሙን የተሸከመው ሰው ምን እንዲፈጽም ይጠበቅበት እንደ ነበረ ይናገራልና።

ከጥንቱ እንጀምር። በአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በባናቫሲ ከተማ የካደምባን መንግሥት ያቆመው ሰው ማዩራሻርማ ይባል ነበር። «ሻርማ» የብራህማን፥ ማለት የካህናትና የሊቃውንት ወገን መጠሪያ ነው። በታላጉንዳ የቆመው የድንጋይ ጽሕፈት እንደሚተርከው፥ ይህ ሰው ትምህርቱን ለመፈጸም ወደ ካንቺ ከተማ ወርዶ ሳለ ከፓላቫ መንግሥት ፈረሰኛ ጋር ተጣላ፤ በደረሰበት ውርደትም ተቈጥቶ መጽሐፉን አኑሮ ሰይፍ አነሣ። ከእርሱ በኋላ በዘሮቹ ስም ላይ «ሻርማ» ቀርቶ «ቫርማ» ሆነ፤ ቫርማ የጦረኞች ወገን መጠሪያ ሲሆን ትርጕሙ ጥሩር ማለት ነው። የተለወጠው ድምፅ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በዚያች ጥቂት ድምፅ አንድ ቤተ ሰብ ከጸሎት ቤት ወደ ጦር ሜዳ ተሻግሯል።

ከካደምባዎች ቀጥሎ በስድስተኛው መቶ ዓመት በባዳሚ ከተማ የቻሉክያ ነገሥታት ተነሡ። የባዳሚ ጥንታዊ ስም ቫታፒ ነው። እነዚህ ነገሥታት የያዙት ዋና የክብር ስም «ሽሪ ፕሪትቪ ቫላባ» የሚል ነበረ፤ የሀብትና የምድር ውድ ማለት ነው፥ ንጉሡ ምድርን እንደ ባል ይጠብቃታል የሚል አሳብ ያለበት ነው። ሁለተኛው «ሳትያሽራያ»፥ ማለት የእውነት መጠጊያ የሚል ነው። ከ610 እስከ 642 የነገሠው ዳግማዊ ፑላኬሺን የሰሜኑን ታላቅ ንጉሥ ሀርሻን በናርማዳ ወንዝ አካባቢ መለሰው። በ634 በአይሆሌ የተቀረጸው የባለቅኔው የራቪኪርቲ ጽሕፈት በዚህ ድል ላይ ይጫወታል፤ «ሀርሻ» ማለት ደስታ ነውና፥ ደስታ የተባለው ንጉሥ ደስታውን አጣ ይላል። የፑላኬሺን ልጆችም አባታቸው «ፓራሜሽቫራ»፥ ማለት የበላይ ጌታ የሚለውን ስም ያገኘው በዚህ ድል መሆኑን በጽሕፈታቸው አወሱ። እንግዲህ ይህ ስም ከአየር የወረደ አልነበረም፤ ወንዙ የታወቀ፥ ተሸናፊውም የታወቀ ነበር።

ሆኖም የድል ስም ወደ ሌላ እጅ ይዞራል። በ642 የፓላቫው ንጉሥ ናራሲምሃቫርማን ባዳሚን ያዘና «ቫታፒኮንዳ»፥ ማለት ቫታፒን የያዘ ተባለ። አንድ ሙሉ ከተማ በጠላት ስም ውስጥ እንደ ምርኮኛ ገባ። ቻሉክያዎች ይህን አልረሱም፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ዳግማዊ ቪክራማዲትያ የፓላቫዎችን ዋና ከተማ ካንቺን ያዘ። ነገር ግን ከተማዪቱን አላፈረሰም፤ የካይላሳናታን ቤተ መቅደስ ሀብት አይቶ ለቤተ መቅደሱ መልሶ እንደ ሰጠ የሚናገር ጽሕፈት በዚያው በጠላቱ አገር በካንናዳ ቋንቋ አስቀረጸ። አንዱ የከተማ መያዝን ስም አደረገ፤ ሌላው የከተማ ማትረፍን ጻፈ። አንባቢ የትኛው ድል እንደሚበልጥ ራሱ ይፍረድ።

በስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቻሉክያዎችን ጥለው የተተኩት ራሽትራኩታዎች ናቸው። የእነርሱ የክብር ስም አብዛኛው «ቫርሻ» በሚል ቃል ይጨርሳል፤ ቫርሻ ዝናም ማለት ነው። አካላቫርሻ ያለ ወራቱ የሚዘንም፥ ፕራቡታቫርሻ የተትረፈረፈ ዝናም፥ ኒትያቫርሻ የዘወትር ዝናም፥ ሱቫርናቫርሻ የወርቅ ዝናም ማለት ነው። የዴካን ደጋ ዝናም የሚያንሰው፥ ገበሬውም ሰማይ ሰማይ ሲያይ የሚኖርበት አገር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፥ ይህ ስም ለምን እንደ ተመረጠ ግልጽ ነው። ሕዝቡ ከንጉሡ የሚፈልገው ሰይፍ ብቻ አልነበረም።

ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው አሞጋቫርሻ ነው፤ ዝናሙ ከንቱ የማይቀር ማለት ነው። በ814 በልጅነቱ ነግሦ እስከ 878 ቈየ፤ ሁለተኛው የክብር ስሙ «ንሪፓቱንጋ»፥ ከነገሥታት ሁሉ ከፍ ያለ የሚል ነው። በ871 የተጻፈው የሳንጃን የመዳብ ገበታ እንደሚለው፥ በሕዝቡ ላይ መከራ በወረደ ጊዜ ይህ ንጉሥ የግራ እጁን ጣት ቈርጦ ለማሃላክሽሚ መሥዋዕት አቀረበ። የገበታው ጸሓፊ ንጉሡን ለማመስገን የጻፈው መሆኑን አንዘነጋም፤ ነገር ግን ሊያመሰግነው የመረጠው ነገር ምን እንደ ሆነ እናስተውል። የገደለውን ሰው ብዛት አልቈጠረም፤ ስለ ሕዝቡ የከፈለውን ቈጠረ። ከዚህም ሌላ በካንናዳ ቋንቋ ከደረሱን መጻሕፍት ቀዳሚ የሆነው ስለ ቅኔ ሥርዐት የሚናገረው «ካቪራጃማርጋ» በ850 ገደማ በዚህ ንጉሥ ስም ወጣ። ጽሑፉን ያዘጋጀው የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ ሽሪቪጃያ ነው። መጽሐፉ የካንናዳን ምድር ከካቬሪ ወንዝ እስከ ጎዳቫሪ ወንዝ ብሎ ይወስነዋል። ዛሬ ንሪፓቱንጋ የሚለው ስም በካርናታካ የሚወሳው ከጦርነቱ ይልቅ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ነው።

የራሽትራኩታዎች ስም ባሕር ተሻግሮም ተሰማ። በህንድ ጠረፍ ይነግዱ የነበሩት ዐረቦች ንጉሡን «ባልሀራ» ይሉት ነበር፤ ይህም «ቫላባ ራጃ» ከሚለው የክብር ስም የመጣ ነው። በ851 የተጻፈው የነጋዴው የሱሌይማን ትረካ ባልሀራን ከባግዳድ ኸሊፋ፥ ከቻይና ንጉሥና ከሮም ንጉሥ ጋር ከዓለም አራት ታላላቅ ነገሥታት አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። ከባዳሚ ነገሥታት የተወረሰው የምድር ውድ የሚለው ስም፥ በነጋዴ አፍ ተለውጦ የአንድ መንግሥት መጠሪያ ሆነ ማለት ነው።

የክብር ስም ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ የተሰጠ አልነበረም። «ማሃራጃዲራጃ»፥ ማለት ንጉሠ ነገሥት ከሚለው ስም በታች ብዙ ደረጃ ነበረ። ገባር የሆነው መስፍን «ማሃማንዳሌሽቫራ» ሲባል፥ አምስቱን ታላላቅ ድምፆች ያገኘ የሚል ቅጽል ይጨመርለት ነበር፤ ይኸውም ቀንድ፥ ቀንድ አውጣ፥ ከበሮ፥ ነጋሪትና ደወል በፊቱ እንዲመታለት ከበላዩ የተፈቀደለት ማለት ነው። እንግዲህ ማዕርግ የሚነበብ ብቻ ሳይሆን የሚሰማ ነበር። ሌላው የመሳፍንት ስም የጥንት ከተማ ስም ነው። የካደምባ ኀይል ወድቆ የቤቱ ቅርንጫፎች በሀንጋልና በጎዋ ሲገዙ፥ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም «የከተሞች ሁሉ ምርጥ የባናቫሲ ጌታ» መባልን አልተዉም። ለእኛ ይህ ስም የሥልጣን ማስረጃ ከመሆኑ ይልቅ የናፍቆት ማስረጃ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ግን የየትኛው ቤት ዘር ነን ይሉ እንደ ነበረ ባላወቅን ነበር።

በ973 ራሽትራኩታዎችን የጣሉት የካልያና ቻሉክያዎች «ማላ» የሚለውን ቃል ወደዱ፤ ታጋይ ማለት ነው። አንደኛው ሶሜሽቫራ «ትራይሎክያማላ»፥ የሦስቱ ዓለማት ታጋይ ተባለ። ይህ የሦስት ዓለም ታጋይ በ1068 መድኀኒት ያልተገኘለት ደዌ ጸንቶበት ወደ ቱንጋባድራ ወንዝ ገብቶ ሞተ። ልጁ ዳግማዊ ሶሜሽቫራ «ቡቫናይካማላ»፥ የዓለም ብቸኛ ታጋይ ተብሎ ነገሠ፤ ነገር ግን በ1076 የገዛ ወንድሙ ስድስተኛው ቪክራማዲትያ ከዙፋኑ አወረደው፤ የወንድሙም ስም «ትሪቡቫናማላ» ነበረ፤ እርሱም የሦስቱ ዓለማት ታጋይ ማለት ነው። ብቸኛ ነኝ የሚለው ሰው ወንድም እንዳለው መዘንጋቱን ከዚህ እንማራለን። ቪክራማዲትያ እስከ 1126 ነገሠ፤ በስሙም አዲስ የዘመን አቈጣጠር አወጣ።

በዚያው ዘመን በደቡብ በኩል ሆይሳላዎች እየበረቱ ነበር። ንጉሣቸው ቪሽኑቫርዳና በ1116 ታላካዱን ከቾላዎች አስለቅቆ «ታላካዱጎንዳ»፥ ታላካዱን የያዘ ተባለ፤ ስሙንም በካንናዳ ፊደል በወርቅ ገንዘብ ላይ አስመታው። በድንጋይ የተቀረጸ ስም ወደ ድንጋዩ የመጣ ሰው ያነበዋል፤ በገንዘብ ላይ የተመታ ስም ግን ራሱ ወደ ገበያ ይሄዳል። የንግሥቲቱ የሻንታላ ስም ደግሞ የቤተ መንግሥቱን ጓዳ ይገልጥልናል፤ ከክብር ስሞቿ አንዱ ለአስቸጋሪ ጣውንቶቿ እንደ ቍጡ ዝሆን የሆነች የሚል ነበረ። ይህን ስም የያዘው የጃይና ቤተ ጸሎት በ1123 ያሠራችው ሲሆን፥ ዛሬም በሽራቫናቤላጎላ ቆሞ ይገኛል።

በ1157 ከካልያና ገባሮች አንዱ የነበረው ቢጃላ የጌታውን ዙፋን ያዘ፤ ከገባር ማዕርግ ወደ ንጉሠ ነገሥት ማዕርግ እንዴት እንደ ወጣም ከጽሕፈቶቹ ላይ ይታያል። የሚያስደንቀው ግን በዚሁ ንጉሥ አገልግሎት የነበረው ባሳቫ ነው። እርሱና ተከታዮቹ ወገንና ማዕርግ ሰውን ከሰው አይለዩም ብለው ሲያስተምሩ፥ እርስ በርሳቸው የተጠራሩት በቤተ ዘመድ ስም ነበር። ባሳቫ «ባሳቫንና»፥ ታላቅ ወንድማችን ባሳቫ ተባለ፤ ባለቅኔዪቱ ማሃዴቪ «አካ»፥ ታላቅ እኅታችን ተባለች። የቢጃላን የክብር ስሞች ዛሬ የሚያውቃቸው የታሪክ ሊቅ ብቻ ነው፤ ወንድማችንና እኅታችን የተባሉትን ግን በካርናታካ ሕፃን እንኳ ያውቃቸዋል።

በ1336 ገደማ የተመሠረተው የቪጃያናጋራ መንግሥት የቀድሞዎቹን ስም ሁሉ ወርሶ የራሱን ጨመረ። ከእነዚህ አንዱ «ባሼጌ ታፑቫ ራያራ ጋንዳ» የሚለው የካንናዳ ስም ነው፤ ቃላቸውን የሚያፈርሱ ነገሥታት ቀጪ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም የያዘ ንጉሥ የገዛ ቃሉን ሊጠብቅ ግድ ነው። ንጉሥ ቡካ በ1368 በዚህ ተፈተነ። የጃይና እምነት ተከታዮች በቪሽኑ አምላኪዎች ተበደልን ብለው ቢጮኹ፥ ንጉሡ የጃይናዎችን እጅ ይዞ በቪሽኑ አምላኪዎች እጅ ላይ አኖረ፤ በሁለቱ እምነቶች መካከል ልዩነት የለም ብሎም ፈረደ። ለጃይናዎችም ቀድሞ የነበራቸውን የአምስቱን ታላላቅ ድምፆች መብት አጸና። የዚህ ፍርድ ጽሕፈት በሽራቫናቤላጎላ አለ። እነዚያ አምስት ድምፆች በዚህ ጊዜ የመስፍን ማጌጫ መሆናቸው ቀርቶ፥ በቍጥር ላነሰ ሕዝብ የመብት ምልክት ሆኑ።

የቪጃያናጋራ ነገሥታት በህንድ ነገሥታት መካከል ሱልጣን ተብለውም ይጠሩ ነበር። ከ1509 እስከ 1529 የነገሠው ክሪሽናዴቫራያ ደግሞ የእስላሞችን መንግሥት መልሶ ያቆመ የሚል ስም ነበረው። የዴካንን ታሪክ የሁለት ሃይማኖቶች ጦርነት ብቻ አድርጎ የሚተርክ ሰው እነዚህን ሁለት ስሞች ማስረዳት ይቸግረዋል። በ1565 ቪጃያናጋራ በዴካን ሱልጣኖች ተሸንፋ ከተማዋ ጠፋች፤ ወደ ፔኑኮንዳና ወደ ቻንድራጊሪ የሸሹት ተተኪዎች ግን ረዥሙን የክብር ስም መጻፍ አላቋረጡም።

ከአሸናፊዎቹ ሱልጣኖች አንዱ የቢጃፑር ንጉሥ ነበረ፤ ቢጃፑርም ያው በካንናዳ ተናጋሪዎች ምድር ያለ ከተማ ነው። በዚያ የነገሠው ዳግማዊ ኢብራሂም አዲል ሻህ እስላም ሆኖ ሳለ «ጃጋድጉሩ»፥ የዓለም መምህር የሚል የህንዶች ስም ያዘ። በዚህ ቤተ መንግሥት የእኛም አገር ስም ይነሣል፤ «ሐበሺ» የሚባሉ፥ ዘራቸው ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የመነጨ፥ ብዙዎቹም በባርነት ተሸጠው የሄዱ ሰዎች እስከ መንግሥት እንደራሴነት ደርሰዋልና። ዲላዋር ኻን ኢብራሂም ሕፃን ሳለ መንግሥቱን ጠበቀ፤ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመትም ማሊክ ሬይሃን «ኢኽላስ ኻን» የሚል ማዕርግ ተቀበለ። ኢኽላስ ቅንነት፥ ዲላዋር ጀግና ማለት ነው። በታሪክ መጽሐፍ የሚኖሩት በእነዚህ ስሞች ነው። ለሌሎች የክብር ስም በአባት ስም ላይ የተደረበ ካባ ሲሆን፥ ለእነዚህ ግን በጠፋው ስም ፈንታ የተሰጠ ነበር።

በመጨረሻ የማይሶር ዎዴያሮች መጡ፤ ዎዴያር ራሱ ጌታ ማለት ነው። ከ1673 እስከ 1704 የነገሠው ቺካ ዴቫራጃ «ናቫኮቲ ናራያና»፥ የዘጠኝ ክሮር ጌታ ተባለ፤ ዘጠኝ ክሮር ዘጠና ሚሊዮን ነው። ስሙ ግምጃ ቤቱ መሙላቱን ይናገራል፤ ግብሩ ከብዶበት የተነሣውን ገበሬ ግን አይናገርም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የነገሠው አራተኛው ክሪሽናራጃ ዩኒቨርሲቲ በ1916 አቆመ፤ በካቬሪ ወንዝም ላይ ታላቅ ግድብ አሠራ። እርሱን «ራጃርሺ»፥ ማለት ጻድቅ ንጉሥ ያለው ጋንዲ ነበር። ጋንዲ የቤተ መንግሥት ተቀጣሪ አልነበረም፤ ስለዚህ ይህ ስም ሳይገዛ የተሰጠ ነው። በ1971 የህንድ ሕገ መንግሥት ሲሻሻል የመሳፍንቱ ማዕርግ ሁሉ በሕግ ተሻረ፤ በ1973 ደግሞ የማይሶር ክፍለ ሀገር ካርናታካ ተባለ። የአገሩ ስም ከገዢው ቤት ወጥቶ ለሕዝቡ ተመለሰ።

እንግዲህ በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። የክብር ስም ሲነበብ ማን አወጣው፥ ስለ ምን ሥራ ተሰጠ፥ ማንንስ ሸፈነ ብሎ መጠየቅ ይገባል። እነዚህን ሦስቱን የሚጠይቅ ተማሪ ከውዳሴ ከንቱም ቢሆን ታሪክ ያወጣል። ሹመት የያዝን ሰዎችም ብንሆን ጥያቄው አይቀርልንም፤ የተጠራንበት ማዕርግ ሁሉ ያልተከፈለ ዕዳ ነውና። ሕግ የማዕርግን ስም ሊሽር ይችላል፤ ቡካ በሁለት ወገኖች እጅ ላይ ያኖረውን ፍርድ፥ በንሪፓቱንጋም ስም የወጣውን መጽሐፍ ግን አልሻረም። ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም ባለቤቱ ዕዳውን የከፈለበት ስም ነው።